እሁድ የመለሰኝ ሰው

ባለፈው ሰሞን ከገበያው በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ባጃጄን አስቆሙ። ከሰውየው በፊት የገባው ሽታቸው ነው። ቪክስ። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው ስር የሚቀባት ዓይነት ጠረን አይደለም፤ ጉልበት ላይ በእፍኝ ተለድፎ፣ በጨርቅ ታስሮ፣ ከላብ ጋር የከረመ ቪክስ። እኔ ሽታ የሚያስለቅሰኝ ዓይነት ሴት አይደለሁም፤ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ሳሸት ነው የምውለው። ያን ለት ግን ዞሬ ሳላይ አወቅኩት። እሱ አላወቀኝም። ሻርፕ ጠምጥሜ፣ መነጽር አድርጌ፣ ማን ያውቀኛል?

«የት ልውሰድዎ?» አልኩ።

«ነአኩቶ ለአብ። ቀስ እያልሽ ንጂ ልጄ፣ ይሄ ጉልበት መንገጫገጭ አይወድም።»

«ድሮም አይወድም ነበር» አልኩ።

ከኋላዬ ከዘራው ወለሉን ሲነካ ሰማሁ። «ፈንታዬ?»

«አቤት ጋሼ።»

«ባጃጅ?»

«ምን ላድርግ፣ ሱሪ ካስለመድከኝ ወዲህ ቀሚስ አልመች አለኝ።»

ሳቀ። ሳቁ በሳል ተቆረጠ። አርጅቷል። ሠላሳን ገና አለፍ ያልኩት እኔ እንኳ ያረጀሁ እየመሰለኝ ነው፤ እሱማ።

ጋሼ አስናቀ የላሊበላ ኮሌጅ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነበር። «ጋሼ» እያልን «አንተ» ነበር የምንለው። በኛ አገር እንዲህ ያለ ድፍረት የለም፤ አባቴን እስከ ዕለተ ሞታቸው «እርስዎ» ነው ያልኳቸው። እሱ ግን ገና በመጀመሪያው ልምምድ አንቱታን ከለከለን። «‹እባክዎ ያቀብሉኝ› ብለሽ እስክትጨርሺ ኳሱ ተነጥቋል። ‹አምጣ!› ነው የሚባል» አለ። ከሜዳ ስንወጣም ምላሳችን አልመለስ አለ፤ እሱም ደስ ብሎት ተወው።

ያኔ ላሊበላ ባጃጅ አታውቅም ነበር። ሽቅቡንም ቁልቁሉንም ሰው በእግሩ ነው የሚለው። መንግሥት ተለውጦ፣ የጦርነቱ ወሬ እየራቀ፣ በየኮረብታው ሆቴል የሚሠራበት ዘመን ነበር። ለስላሳ ሁለት ብር ነው፤ ሁለት ብር ደግሞ ሁለት ብር ነበር። ወደ ገበያው መውረጃ ላይ አንዲት የካሴት ቤት ነበረች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ድምፅ ማጉያዋን ወደ መንገድ አዙራ ታስነካዋለች፣ ቄስ ሲያልፍ ትቀንሳለች፣ ካለፈ በኋላ ትጨምራለች። ቄስ በበዛበት ከተማ አንድ ዘፈን ሙሉውን ሰምተን አናውቅም፤ ዛሬም ድረስ የዚያን ዘመን ዘፈን ሁሉ የማውቀው መሀሉ እንደጎደለ ነው። ሀብታም ቤት ያለች ልጅ ሸራ ጫማ ታደርጋለች፣ እኛ የላስቲክ ኮንጎ። ኮንጎ በሙቀት እግር ይልጣል፣ በብርድ ይሰነጠቃል፤ ኳስ ለመምታት ግን ከሸራ ይሻላል። ይሄን የሚክድ ሰው ኮንጎ አድርጎ አያውቅም።

የኮሌጁ ሜዳ፣ ሜዳ ካሉት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ በታች ነበር። ላስታ ውስጥ ደልዳላ መሬት ከተገኘ ይታረሳል፤ ለኳስ የሚተርፈው ዘንበል ያለው ነው። አንዱን አጋማሽ ሽቅብ፣ አንዱን ቁልቁል እንጫወታለን። ከታችኛው ጎል ጀርባ ሸለቆ ነው። ኳስ እዚያ ከወረደ ጨዋታው ይቆማል፤ ዳኛው ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ተጫዋቹ ይጋደማል፣ ታች የሚያርስ ገበሬ ኳሱን በብብቱ ይዞ እየተራገመ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከሌላ ወረዳ የመጡት «ይሄ ኳስ ነው ፍየል ጥበቃ?» እያሉ ይዘልፉናል። እንግዲህ በዚያ ጎል የምትቆም በረኛ መስመሯ ላይ ተተክላ መጠበቅ አትችልም፤ ካለፋት ሸለቆ ነው። ጋሼ አስናቀ ትምህርቱን ሁሉ ያወጣው ከዚያ ሸለቆ ይመስለኛል። ከዳር ቆሞ በዚያ ጎርናና ድምፁ፦ «ውጪ! ውጪ አንቺ! ምን ትጠብቂያለሽ? ጠብቃ ያዳነች በረኛ የለችም፤ ወጥታ ነው!»

እኔን ያገኘኝ ግን ሜዳ ላይ አይደለም፤ ጣሪያ ላይ ነው። ዘጠነኛን ጨርሼ አሥረኛ ልገባ ስል፣ ዝናብ ሳይገባ የአንድ ሆቴል ጎጆዎች በሳር ይከደኑ ነበርና የቀን ሥራ ገባሁ። ወንዶቹ ከታች የሳር ነዶ ይወረውራሉ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እቀልባለሁ፣ ለከዳኙ አቀብላለሁ። አንድ የሚያነክስ ሰው ከታች ቆሞ ሲያየኝ ቆየ።

«አንቺ ልጅ፣ ነዶ አይወድቅብሽም?»

«ለምን ይወድቅብኛል?»

«ቁልቁል ስታዪ አያዞርሽም?»

«ቁልቁል ካላየሁ ነዶው በየት እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

ወርዋሪውን ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለው። ሁለት ነዶ ባንድ ጊዜ መጣ። አንዱን በእጄ ያዝኩ፣ ሌላውን በደረቴና በመሰላሉ መሀል አጣበቅኩና ከላይ ሆኜ ሰደብኩት። ደስታው ልክ አጣ። «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ልጅ መሆኔን ስነግረው ግን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይ ፈጣሪ! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የየኔታን ልጅ?»

ኮሌጁ የሴት ቡድን ያቋቁም ተብሎ ከላይ ታዞ ነበር፤ ሴቶቹ ስላልሞሉ የጎደለው ከሁለተኛ ደረጃ እንዲሟላ ሆነ። እንዲህ ነው የኮሌጅ ደጅ ሳልረግጥ የኮሌጅ በረኛ የሆንኩት። ማሊያችን ቢጫ ነበር፤ ከወንዶቹ የወረስነው፣ ብብቱ የተተረተረ፣ ስታጠቢው ቁጥሩ የሚላጥ። ጓንቴ የግንበኛ ጓንት ነው። ከትምህርት በኋላ እንለማመዳለን፤ ቤት ስገባ «ስፖርት ነበረን» እላለሁ። ውሸት አይደለም። አባባ ምን ዓይነት ስፖርት እንደሆነ አልጠየቁም፣ እኔም አልነገርኩም።

ዞኑ ወልድያ ላይ ውድድር ሲያዘጋጅ ግን ሦስት ቀን ከቤት ውጭ ማደር መጣ። ጋሼ አስናቀ የሌሎቹን ልጆች ወላጆች በየቤታቸው እየዞረ አስፈቀደ። እኛ ቤት ሲደርስ ግን እግሩ ተያዘ። «የኔታን ብቻዬን አልደፍራቸውም፤ በወጉ ነው የምጠይቅ» አለ። ሽማግሌ ላከ። አዎ፣ ሽማግሌ፤ ልክ ለጋብቻ እንደሚላከው። ሦስት ናቸው፦ የዕድራችን ዳኛ አያ መኮንን፣ አባ ገብረ ማርያም የሚባሉ ቄስ፣ እና የቡድናችን ወጌሻ አያ ካሳው። ነጠላቸውን አጣፍተው በጠዋት ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ በበሩ ሽንቁር አይታ «ወይኔ፣ ገና ለጋዋ ልጄ!» ብላ ደረቷን ያዘች። እኔ ነገሩን እያወቅኩ እንኳ ከምሰሶው ጀርባ ተደበቅኩ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ አባባ ብቅ ብለው።

«አንቀመጥም የኔታ» አሉ አያ መኮንን። «የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም። ልጅዎን ፈልገን ነው።»

«ለማን?»

ሦስቱ ተያዩ። አያ ካሳው ነጠላቸውን አስተካክለው «ለኳስ» አሉ።

ልጅ ለሚጠይቅ ሽማግሌ የሚመለስለት የታወቀ ጥያቄ አለ፤ አባባም ፊታቸውን ሳይለውጡ ያንኑ ጠየቁ። «ኳስ የማን ልጅ ነው?»

«የአስናቀ» አሉ አባ ገብረ ማርያም። ጋሼ አስናቀም ከአጥሩ ጀርባ እያነከሰ ወጣና መሬት እስኪነካ እጅ ነሳ።

«ቁምጣ ልታስለብሳት ነው?»

«የለም የኔታ፣ በረኛ ናት። በረኛ ሱሪ ነው የምትለብስ።»

«ሱሪስ ለሴት ተፈቅዷል?»

አያ ካሳው ጣልቃ ገቡ። «የኔታ፣ እኔ ስንት ጉልበት ያሸሁ ሰው ነኝ፤ ራቁቱን ከሚሰበር ተሸፍኖ ቢሰበር ይሻላል።»

አባባ ሳቁ። አባቴ ሲስቁ ያየሁበትን ቀን በጣቴ ቆጥሬ እጨርሳለሁ፤ ያ አንዱ ነው። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ሽማግሌ ከደጄ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ሰጥቻለሁ» አሉ። ጋሼ አስናቀ ጉልበታቸውን ሳመ። «እንደወሰድኳት እመልሳታለሁ የኔታ። እሁድ ሳይመሽ ከፊትዎ አቆማታለሁ» አለ። «ደግ፣ ደግ» አሉ አባባ እጃቸውን ወዝወዝ አድርገው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ፣ ጠላ ቀረበ።

በማግስቱ ስሄድ አባባ የራሳቸውን ጋቢ አለበሱኝ። ዳዊታቸውን ሰጡኝ። እናቴ ደግሞ ለወር የሚበቃ በሶ በስልቻ ጠቅጥቃ አሸከመችኝ። «ለሦስት ቀን ይሄ ሁሉ በሶ?» ብዬ ሳቅኩባት። እሷ ታለቅሳለች። አባባ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ፦ «እግርሽን እንቅፋት አይንካው። የያዝሽው ከእጅሽ አይውደቅ። የቆምሽበት ደጅ ይከፈትልሽ።» ረጅም ነበር። መኪናው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ እየተቁነጠነጥኩ፣ ግማሹን እንኳ በወጉ አልሰማሁትም።

ጋሸና ላይ ብርዱ ጥርስ ያስፋጫል፤ ወልድያ ስንወርድ ሙቀቱ አፍ ያስከፍታል። እንደዚያ ደልዳላ ሜዳ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ኳሱ ወደ የትም አይንከባለልም፤ ካቆሙት ይቆማል! ለዋንጫው ጨዋታ ደርሰን፣ እኩል ወጥተን፣ ወደ ሪጎሬ ሄድን። ዘንድሮ ስለ ሪጎሬ ሲያወሩ ዕድል ነው ይላሉ። ዕድል አይደለም፤ ነዶ ነው። የወርዋሪውን ትከሻ ታያለሽ፣ ነዶው በየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። የመጨረሻዋን በግራ እጄ ሳወጣት ቢጫ ማሊያ የለበሰው ሁሉ ላዬ ላይ ተከመረ፤ ከታች ሆኜ የሰማሁት የጋሼ አስናቀን ድምፅ ነው። አልቅሶ ነበር እንዴ? እንጃ።

ከዚያ አንድ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው መጣ። አዲስ አበባ ካለ አንድ ክለብ ነው። እኔን አላናገረኝም፤ ጋሼን ነው። «በረኛዋን እፈልጋታለሁ። ነገ ጠዋት መኪና አለኝ፣ ይዣት ልሂድ። መኝታዋን፣ ምግቧን፣ ትምህርቷን ክለቡ ይችላል» አለ። ጋሼ «ነገ እሁድ ነው፣ ቃል አለብኝ» አለው። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲህ አንድ ሳምንት ቦታውን ልይዝላት እችላለሁ። ከዚያ ሌላ አለች።» ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶት ሄደ።

«እሄዳለሁ» አልኩት ጋሼን።

«እሁድ እመልሳታለሁ ብያለሁ።»

«ለምን አልክ? ማን በል አለህ?»

«አፌ ብሏል፤ ሽማግሌ ሰምቷል።»

«ታዲያ ደውልላቸው!»

«የት? ነአኩቶ ለአብ ዋሻው ውስጥ ስልክ አለ?» አለና፣ ቁጣዬን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ቃሌን ላድርስ። ከዚያ ያንኑ ሽማግሌ እልካለሁ፣ የኔታን ደግሜ እለምናለሁ፣ ራሴ አዲስ አበባ አደርስሻለሁ። ሳምንት ረጅም ነው።»

በመልሱ መንገድ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። የራሱን ታሪክ የነገረኝ ያኔ ነው። ሙጃ ነው የተወለደ። ገበያ ሲበተን በባዶው ገበያ ላይ፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ሲራገጡ ነው ያደገ። ሲዘልል አየር ላይ የሚቆይ ይመስል ነበር አሉ፤ ቴስታው ጎል ሲገባ ሰው መረቡን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያይ። በወታደሩ ዘመን የደሴ ቡድን ፈለገው። አባቱ እንቢ እንደሚሉ ስላወቀ ሳይነግራቸው በገበያ ቀን ገብስ በጫነ መኪና ላይ፣ በጆንያ መሀል ተደብቆ ሄደ። ደሴ ላይ ስም አወጣ። ፎቶው ፀጉር ቤት ውስጥ ተሰቀለ፣ ልብስ ሰፊ ሱሪውን በነጻ ይሰፋለት ነበር። የዘመኑ ሱሪ ከታች ሰፊ ነው፤ «ስሮጥ እንደ ባንዲራ ይርገበገባል» አለኝ። አባቱ ግን መሄዱን በሰሙ ለት መንገድ ዳር ወጥተው፣ ያች መኪና በሄደችበት አቅጣጫ ዞረው ረገሙት። «ሳልመርቀው የሄደ እግር አይርጋ» አሉ። ወሬውን ያደረሰለት ከሙጃ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ጋሼ ሰምቶ ሳቀ። በሁለተኛው ዓመት ዝናብ በዘነበ ለት ጉልበቱ ከዳው።

«ማንም አልነካኝም ፈንታዬ» አለኝ። «ተከላካዩ ሩቅ ነበር። ሳሩና እኔ ብቻ ነበርን።»

በክራንች ሙጃ ሲመለስ አባቱ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። የረገመ አፍ ካልፈታ ማን ይፈታል? ተማረ፣ የስፖርት መምህር ሆነ፣ ኮሌጁ ሲከፈት አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ጉልበቱን ቪክስ ሲቀባ አንድም ቀን ሐኪሙን ሲያማ ሰምቼው አላውቅም፤ ሁሌ አባቱን ነው የሚያነሳ።

«እኔ እኮ ተመርቄያለሁ!» አልኩት።

«ለሦስት ቀን ነው የተመረቅሽው» አለ። ጋቢውን ተከናንቤ እንደገና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እሁዱ ቅበላ ነበር፤ በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። ነአኩቶ ለአብ ስንደርስ አባባ ከዋሻው አፍ ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋቢያቸው ትከሻዬ ላይ፣ ስልቻው ከነበሶው ጀርባዬ ላይ። አዩኝ። ስልቻውን አዩ። ክረምት ላይ የአሸተን ማርያም ተራራ ጉም ሲወርድበት አይታችሁ እንደሆነ፣ ፊታቸው እንዲያ ጠቆረ።

«መለስካት» አሉ።

«እንደ ቃሌ፣ የኔታ።»

«ደግ» ብለው ገቡ።

ጋሼ አስናቀ ቁጣ ነው ብሎ አነበበው። እኔም። ልጃችንን ውጭ አሳደረብን፣ አሰደበን የሚሉ መሰለን። በዚያው ለት አያ መኮንን ጋ ሄዶ ሽማግሌነቱን ቢለምን፣ እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። «በሁዳዴ? በሁዳዴ ልጅ ሲጠየቅ የት አየህ? ጀመርነው በጋብቻ ወግ፣ እንጨርሰዋለን በጋብቻ ወግ። ደግሞ ፊታቸው ጠቁሯል ትላለህ፤ ጾሙ ያብርዳቸው፣ ፋሲካ ይለፍ።» ሳምንት ነው የተባለው፣ ሁዳዴ ሁለት ወር። ጋሼ ብቻውን ሊሞክር አንድ ጠዋት አጥራችን ድረስ መጣ፤ በሽንቁሩ አየሁት። ቆመ። ከዘራውን አፈር ውስጥ ተከለ፣ ነቀለ። ተመለሰ። ይሄ ሁሌ «ውጪ!» የሚለኝ ሰው ነው።

እኔስ? አፈኛዋ እኔስ? ሞክሬያለሁ። «አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ…» ስል «ተይው ልጄ፣ ያለፈ ነገር አታንሺብኝ፤ እዚህም እንጀራ አለ» አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው ስለማላውቅ ደንግጬ ተውኩት። በፋሲካ ማግስት ጋሼ ከቴሌ ደወለ። ቦታው ተይዟል። ሜዳ ላይ መጥቶ ሲነግረኝ ጓንቴን አውልቄ ሸለቆው ውስጥ ወረወርኩት፤ የትኛውም ገበሬ ይዞት አልወጣም።

የሴቶቹ ቡድን ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። ጋሼ በወንዶቹ ቀጠለ፤ ስንት ወጣት በዚያ ዘንበል ባለ ሜዳ ላይ እያሮጠ አስመረቀ፣ አስተማሪ ሆነው፣ ግንበኛ ሆነው ተበተኑ፣ እሱ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ጡረታ ወጣ። እኔ አንድ ቦታ አልረጋም። ደሴ ሄድኩ፣ ወልድያ ሠራሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ወልድያ ምግብ ቤት ውስጥ ሳስተናግድ አንድ ቀን በቴሌቪዥን የሴቶች ጨዋታ ይታይ ነበር። በረኛዋ መስመሯ ላይ ተተክላ ኳሱን ትጠብቃለች። ትሪ በእጄ እንደያዝኩ «ውጪ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩ። የሚበላው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ዞረ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወጥ ቤት ጠርታ ስትቆጣኝ ምን ብዬ ላስረዳት? በረኛዋ ግን ገባባት እኮ።

አባባ የታመሙ ጊዜ ልጠብቃቸው መጣሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እግራቸውን ሳሽላቸው፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሱ «ያ ሰውዬ ምን ጉድለት አይቶብሽ ነው የመለሰሽ?» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«አስናቀ።»

እጄ እግራቸው ላይ ቀረ። «ጉድለት አይደለም አባባ። እሁድ እመልሳታለሁ ብሎ ቃል ስለሰጠዎ ነው።»

«ልጅ የሚወስድ ሁሉ ‹እመልሳታለሁ› ይላል። የወግ ነው። የመለሰ አይቼ አላውቅም» አሉ። ቀጥለውም፦ «እኔ እኮ ሰጥቼሽ ነበር። በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ልጅ ይመለሳል? ጋቢዬን አልብሼ፣ ዳዊቴን ሰጥቼ፣ ስትሄጂ አልቅሼ ጨርሼ ነበር። እሁድ ከነስልቻሽ ሳይሽ ‹አልሆነቻቸውም፣ መለሷት› አልኩ።»

«ለምን አልጠየቁትም?»

«የተመለሰች ልጅ አባት ምን ብሎ ይጠይቃል? ጉድለትሽን ቢነግረኝስ? ከሱ አፍ ከምሰማ ሳላውቅ ብሞት ይሻለኛል አልኩ።» እግራቸውን ከእጄ ሳብ አደረጉ። «አንቺም እንዳይከፋሽ ብዬ አላነሳሁትም።»

አዲስ አበባ የተባለውን፣ ቆዳ ጃኬቱን፣ ሳምንቱን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ደግ» ብቻ አሉ። በሳምንቱ ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ ጋሼ አስናቀ ከሩቅ ቆሞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ አልተጠጋሁትም።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ባጃጄ ውስጥ ያስገባሁት ይሄን የማያውቅ ሰው ነው። እስከ ነአኩቶ ለአብ ድረስ ብዙ አላወራንም። ስንደርስ ደግፌ አወረድኩት፤ ጫማውን አውልቆ፣ ከዘራውን ጥሎ፣ እያነከሰ አባባ መቃብር ላይ ደረሰ።

«የኔታ» አለ፣ በሕይወት እንዳሉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ። «ልጅዎን ከቤት አውጥቼ አስቀየምኩዎ። ይቅርታ ሳልጠይቅዎ ሄዱ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ሞራ ጀምሮታል። «አባቴ ሳይፈታኝ ሞተ። የኔታም እንዲሁ። ጉልበቴ በለሊት ሲነዝረኝ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ሥጋቸው ነሽ፤ ንገሪኝ። ያን እሁድ ፊታቸው የጠቆረው መውሰዴ ከፍቷቸው ነው?»

እኔ ሰው አላባብልም። የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፤ ሂሳብ የሚከራከረኝን ተሳፋሪ መሀል መንገድ ላይ ነው የማወርደው። እውነቱ አፌ ላይ ነበር፦ እኔን መውሰድህ አይደለም ጋሼ፣ እኔን መመለስህ ነው። አንድ ቃል ብቻ ናት። የታሰረ ጉልበቱን አየሁ። ይሄ ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር አጥርቶ ሠርቻለሁ ብሎ የሚያስበው ያን እሁድ ነው።

«መውሰድህ አልከፋቸውም» አልኩ። «ደስ ብሏቸው ነው የሰጡህ። ራሳቸው ነግረውኛል።»

«ታዲያ ፊታቸው?»

«ማኅሌት ቆመው አድረው ደክሟቸው ነዋ።»

«እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው።»

«ተመስገን» አለ። ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔ ከዘራውን አንስቼ አፈሩን እጠርግ ጀመር። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

ስንመለስ በኮሌጁ በኩል እለፊ አለኝ። ሜዳው ላይኛው በኩል ሕንፃ ተሠርቶበታል፤ የታችኛው ጎልና ሸለቆው ግን እንዳሉ ናቸው። ሴቶች ይጫወታሉ። ማሊያቸው አዲስ ነው፣ ቁምጣ ለብሰዋል፣ ማንም ሽማግሌ የላከላቸው አይመስልም። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። በረኛዋ ቀጭን ልጅ ናት፤ መስመሯ ላይ ተተክላለች። አንዷ አጥቂ ብቻዋን ኳሱን እየነዳች ቁልቁል መጣችባት። ልጅቷ አንዴ ኳሱን፣ አንዴ ከኋላዋ ያለውን ሸለቆ ታያለች።

ጋሼ አስናቀ ሸራውን ገልጦ ግማሽ አካሉን ከባጃጁ አወጣ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣለት አላውቅም።

«ውጪ!» አለ። «ውጪ አንቺ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ልጅቷ ማን እንደጠራት ዞር ብላ አላየችም። ወጣች።